ቮልስን በግቢ ውስጥ ማደስ፦ ቀለሙን መጨረሻ አድርጉት

ከቤቴ ሦስት አጥር አለፍ ብሎ አንድ ቮልስ አለ። አለ ከተባለ ነው። ቅርፊቱ ቆርቆሮ ስር ቆሟል። ሞተሩ ማዳበሪያ ለብሶ መስኮት ስር ተቀምጧል። የተረፈው በካርቶን ተከፋፍሎ አልጋ ስር ገብቷል። ጎረቤቴ በአንድ የፋሲካ ሰሞን ነው የበታተነው፤ «ሁሉንም አጥቤ፣ ቀብቼ እገጥመዋለሁ» ብሎ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ፋሲካ አልፏል። አሁን የትኛው ብሎን የየት እንደሆነ እሱም አያውቅም።

የራሴን ስጀምር ያንን እያየሁ ነበር። ስለዚህ ያወጣሁት ሕግ አንድ ነው፦ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ፈትታችሁ መልሳችሁ መግጠም የማትችሉትን አትንኩ። ቮልሱ ሰኞ ጠዋት በራሱ ሞተር ከግቢ ይውጣ። እንዲህ ሲሠራ ዓመት ይፈጃል፤ ግን ያልቃል።

ሌላው ቅደም ተከተሉ ነው። ብዙ ሰው ከቀለም ይጀምራል። ይገባኛል፤ ቀለም ይታያል፣ መንደርተኛውም ያደንቃል። የእኔ ቅደም ተከተል ግን እሳት (መኪናው እንዳይነድ መከላከል)፣ ፍሬን፣ ሞተር፣ ላሜራ፣ ከዚያ ቀለም ነው።

ደግነቱ መለዋወጫ አይጠፋም። የመጨረሻው ቮልስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ካለው ፋብሪካ ሲወጣ ጠቅላላ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር። ይህን ያህል መኪና የተሠራለት ዕቃ ዛሬም በአዲስ ይመረታል። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ስትዞሩ ብዙውን ታገኛላችሁ። ያልተገኘውን ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ ማስቸገር ነው። ጓርኒሲዮን (ብረት ከብረት ሲገጥም እንዳያፈስ በመሃል የሚገባው)፣ ፑንቲና (ለሞተሩ እሳት የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆራርጠው)፣ የካርቡራተር ጥገና ዕቃ ቀላል ናቸው፤ ሻንጣ አይሞሉም። ፓራፋንጎ (ከጎማ በላይ ያለውን ላሜራ) ግን አታስመጡ፣ ዘመድ ያጣላል።

ገና ካልገዛችሁ

ተንበርከኩ። ቮልስ የሚታየው ከስር ነው። ካቻቢቴ ይዛችሁ እነዚህን ቦታዎች ጠንከር አድርጋችሁ ውጉ፦ የወለሉን ላሜራ፣ ከበሮቹ ስር በሁለቱም ጎን የሚሄደውን የብረት ቦይ፣ የፊት ኮፈን ውስጥ ስኮርታ ጎማ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ፣ የኋላ ፓራውልት (የግጭት መከላከያው) የሚታሰርበትን። ካቻቢቴው ከገባ ዝገት ነው። የጎኑ ቦይ ለማሞቂያ አየር ማለፊያ ብቻ አይደለም፤ አካሉን ቀጥ አድርጎ የያዘውም እሱ ነው። እሱ ከበሰበሰ በሮቹ ይወርዳሉ። በሩን ክፈቱና ዝጉ። ካነሳችሁት በኋላ ብቻ የሚዘጋ ከሆነ ዋጋውን አስቀንሱ፣ ወይም ሂዱ።

ቀጥሎ የኋላ መቀመጫውን አንሱ። በቀኝ በኩል ባትሪው አለ። ከባትሪው ስር ያለው ወለል በአሲድ ያለቀ ቮልስ ብዙ ነው። በመሃል፣ ከፍ ባለው ቦይ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመቷል። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቆሚያ ስር ነው። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። የድሮ ቮልስ ሞተሩ የተቀየረ መሆኑ አይገርምም፤ ሊብሬው ላይ አለመስተካከሉ ግን ራስ ምታቱ ለእናንተ ነው።

አንድ ፈተና ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም። ሞተሩን አጥፉ። ትልቁን የታች ፑሌጃ (ቀበቶው የሚዞርበትን ክብ ብረት) በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ጎትቱ፣ ወደ ውስጥ ግፉ። በእጅ የሚሰማ ነገር እምብዛም መኖር የለበትም፤ የመጨረሻው ወሰን 0.15 ሚሊሜትር ነው። «ኳ ኳ» ካለ ሞተሩ መከፈት ይፈልጋል። ሻጩ «ትናንት ነው የተሠራው» ቢላችሁም።

መሣሪያ

ብዙ አያስፈልግም። ቁልፍ 10፣ 13፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21። ለኋላ ጎማ ትልቁ ዳዶ 36 ቡሶላ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የክፍተት መለኪያ፣ ጥሩ ክሪክ፣ አራት ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና የሚያርፍበት የብረት እግር)። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር በጭራሽ አትግቡ፤ ድንጋይና ጡብ ካቫሌቶ አይደለም። እሳት ማጥፊያ ግዙ፤ የዱቄቱን። ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፦ እሳት

ቮልስን ከዝገት ይልቅ ባንድ ቀን የሚጨርሰው አንድ የጎማ ቱቦ ነው። ቤንዚኑ ፊት ለፊት ካለው ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) ተነስቶ በመኪናው መሃል አልፎ ኋላ ሞተሩ ጋ ይደርሳል። መገናኛው ሁሉ ጎማ ነው፦ ከሰልባትዮው ስር፣ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በላይ፣ ከፖምፓው ወደ ካርቡራተሩ። ጎማው ሲያረጅ ይሰነጠቃል። ከውጭ ጨርቅ ስለለበሰ ስንጥቁ አይታይም። የሚንጠባጠበው ቤንዚን ደግሞ የሚያርፈው እሳት አከፋፋዩ ዲስትሪቢዩተርና ትኩስ ሞተር ላይ ነው። የሞተሩ ካሳ (ውጫዊ አካሉ) የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። ማግኒዚየም አንዴ ከተያያዘ ውሃ ሲደፋበት ይብስበታል።

ስለዚህ መኪናው ግቢ በገባበት የመጀመሪያ ቀን ይህን ሥሩ። የባትሪውን ገመድ ፍቱ። የቤንዚን ጎማዎቹን በሙሉ፣ ደህና የሚመስሉትንም ጭምር፣ አውጥታችሁ ጣሉ። አዲሱ ለቤንዚን ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ የውሃ ቱቦ ቤንዚን ይበላዋል። ሱቅ ስትሄዱ የድሮውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ አብዛኛው ውስጡ 5 ሚሊሜትር ነው። በየጫፉ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) አጥብቁ። ካርቡራተሩ ላይ ቱቦው የሚሰካባትን የነሐስ ጫፍም በእጃችሁ ወዝውዙ። ከተነቃነቀች አንድ ቀን ወልቃ ትወጣለች፤ ይህ ቮልስ ላይ የታወቀ ነው።

ብዙ መካኒክ የላስቲክ የቤንዚን ማጣሪያ ሞተሩ አናት ላይ ያንጠለጥላል። ለማየት ይመቻል፣ ግን ክብደቱ ቱቦውን ይጎትታል። ከዚያ አንሱት፤ ከካምቢዮው አጠገብ፣ ከሙቀት ራቅ አድርጋችሁ እሰሩት።

ባትሪውን አትርሱ። የኋላ መቀመጫ ሽቦዎች ወፍራም ሰው ሲቀመጥ ወርደው የባትሪውን ጫፍ ይነካሉ። መቀመጫው ጭድና ጨርቅ ነው። ፋብሪካው ለዚህ ክዳን ሠርቶለት ነበር፤ ከጠፋ ወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ አልብሱት።

ሁለተኛ፦ ፍሬን

እዚህ ላይ ቸኩላችሁ አትሥሩ። አብዛኛው የድሮ ቮልስ አራቱም ጎማ ድራም ነው። የቆየው ደግሞ የፍሬን መስመሩ አንድ ብቻ ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል።

የኋላውን ስትጀምሩ 36ቱን ዳዶ መኪናው መሬት ላይ ሳለ አላሉት። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ረጅም ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክታችሁ ግፉ። በካቫሌቶ ላይ እያለ ከታገላችሁት መኪናውን ትጥሉታላችሁ። መልሳችሁ ስታጠብቁ ጥብቀቱ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ሬንች ከሌላችሁ ስሌቱ ይሄ ነው፦ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው ግማሽ ሜትር ርቆ ቱቦው ላይ ሲቆም ያንን ያህል ይመጣል። ከዚያ መቆለፊያ ሽቦዋ ቀዳዳዋን እስክታገኝ ወደፊት ጨምሩ እንጂ ወደኋላ አትመልሱ። ይህ ዳዶ ከላላ ድራሙ ውስጡ ያለውን ጥርስ ይበላና ጎማው ባዶውን ይዞራል።

የፊት ግራ ጎማ ተንኮል አለው። የኪሎሜትር ቆጣሪው ሽቦ በመሃሉ ያልፋል፤ ክዳኑን ከመምታታችሁ በፊት ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ መያዣ አውጡ። ሁለተኛ፣ የዚያ ጎማ ዳዶ ጥርሱ ግራ ነው። የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ግማሽ ቀን «ለማላላት» ሳጠብቀው ዋልኩ።

ድራሙ ሲወጣ ውስጡን እዩ። የፍሬን ሸራው ዘይት ከጠጣ ማጠብ ዋጋ የለውም፣ ቀይሩት። ሸራውን የምትገፋውን ትንሿን የፍሬን ፖምፓ የላስቲክ ልብስ ገለጥ አድርጉ፤ እርጥብ ከሆነ ፖምፓው ያፈሳል። አቧራውን በአፍ አትንፉት፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ተጣጣፊ የፍሬን ቱቦዎቹን ያለ ጥያቄ ቀይሩ። ሲያረጁ ከውስጥ ያብጣሉ። ዘይቱ በግፊት ይገባል፣ መመለስ ግን ያቅተዋል። ፍሬን የያዘ ጎማ አልለቅ ሲል ሰው ሸራውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የቱቦው ነው።

አየር ስታስወጡ ከሩቁ ጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። አንድ ሰው ፔዳል ይርገጥ፣ አንድ ሰው ብሎኗን ይክፈት። ልጅ ካላችሁ ለፔዳሉ ጥሩ ሥራ ነው። ከዚያ በጥርስ ማስተካከያዋ ጎማው እስኪቆም ድረስ አጥብቁ፣ ሁለት ሦስት ጥርስ መልሱ። ፔዳሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር ያህል ባዶ መሄድ አለበት። ያ ልል ከሌለ ፍሬኑ ሳይረገጥም ይይዛል።

የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። የሞተር ዘይት ጠብ ቢልበት እንኳ በፍሬኑ ውስጥ ያሉት ላስቲኮች ሁሉ ይበላሻሉ።

ሦስተኛ፦ ሞተር

ቮልስ ራዲያተር የለውም። የሚያቀዘቅዘው አየርና ዘይት ብቻ ነው። ይህን የማያስታውስ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል።

መጀመሪያ ሞተሩን የከበቡትን ቆርቆሮዎች ቁጠሩ። ሥራቸው ማስዋብ አይደለም። ከስር ያለው ትኩስ አየር ወደ ላይ ተመልሶ በማራገቢያው እንዳይገባ ይለያሉ። ጠርዙ ላይ የሚዞረው ጎማም ለዚያው ነው። ሞተር አውጥቶ ያስገባ መካኒክ አንዳንዴ «ይቅር፣ ያደክማል» ብሎ ይተዋቸዋል። ከጎደሉ ከምናለሽ ተራ ይሁን ከየትም ፈልጋችሁ መልሱ።

ቀጥሎ ቫልቭ። ይህ ሥራ በየ5,000 ኪሎሜትሩ የሚደረግ ነው፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ እና ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ በራሱ ሊችለው የሚገባ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሌሊቱን ያደረ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሱ። የዲናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዛችሁ ሞተሩን አዙሩ። የሚዞረው ጣት ዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ካለችው ጭረት ሲገጥም፣ የታችኛው ፑሌጃ ምልክትም ከካሳው መገጣጠሚያ መስመር ጋር ሲገናኝ፣ አንደኛ ሲሊንደር ላይ ናችሁ። እሱ በቀኝ በኩል፣ ወደ መኪናው ፊት ያለው ነው። ከኋላው ሁለተኛው፤ በግራ በኩል ከፊት ሦስተኛው፣ ከኋላ አራተኛው።

የቫልቭ ክዳኑን የያዘውን ወፍራም ሽቦ ወደ ታች ገፍታችሁ ክፈቱ። የሁለቱም ቫልቭ ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር ይሁን። መለኪያው ትንሽ ሲይዝ እየተሳበ ይወጣል፤ ያ ነው ልኩ። በጣም የቆየ 1200 ሞተር ልኩ ሊለይ ስለሚችል ማራገቢያው ቤት ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ካለ እሱን እመኑ። ሲያልቅ ፑሌጃውን ወደ ግራ ግማሽ ዙር መልሱ፣ ሁለተኛው ላይ ናችሁ። ሌላ ግማሽ፣ ሦስተኛ። ሌላ ግማሽ፣ አራተኛ። እሳቱ የሚሄደው 1-4-3-2 ነው፤ ወደኋላ ስለምታዞሩ ነው በተራ ቁጥሩ የሚመጣላችሁ።

የቮልስ ቫልቭ ትንሽ «ጠቅ ጠቅ» ቢል አትጨነቁ። መጨነቅ ያለባችሁ ዝም ሲል ነው። የጠበቀ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ካልተዘጋ አይቀዘቅዝም፣ ይቃጠላል። በተለይ ሦስተኛው። በቆዩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የዚያን ሲሊንደር አየር ይሻማል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ላይ ነው ማቀዝቀዣውን ወደ ጎን ያወጣው።

ካንዴላና ፑንቲና ቶሎ ያልቃሉ። የካንዴላ ክፍተት 0.7፣ የፑንቲና 0.4 ሚሊሜትር። ፑንቲናን ከነካችሁ የእሳቱ ሰዓት ይቀየራል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ፑንቲና ይቀድማል፣ የእሳት ሰዓት ይከተላል። ልኩ እንደ ዲስትሪቢዩተሩ ዓይነት ስለሚለያይ በዲስትሪቢዩተራችሁ ቁጥር ፈልጉት።

አሁን አዲስ አበባ ላይ ላለን ሰዎች የምትሆን ነገር። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በሩብ ያህል ሳስቷል፤ ካርቡራተሩ ግን የሚለካው ለዝቅተኛ አገር ነው። ውጤቱ ቤንዚን ይበዛል። ካንዴላው እንደ ድስት ቂጥ ይጠቁራል፣ ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ዳገት ላይ ይሰንፋል። ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ዋናዋን ጂግለር (ቤንዚን በልክ የምታሳልፈውን ባለቀዳዳ ብሎን) አውጡና ቁጥሯን አንብቡ። ለምሳሌ 125 ካለች 120 ሞክሩ። አንድ ሁለት ቀን ነድታችሁ ካንዴላውን እዩ። ቡናማ ከሆነ ደርሳችኋል። የድሮዋን ግን አትጣሏት። ድሬዳዋ የምትወርዱ ቀን እሷን መልሱ፤ ቆላ ላይ በትንሿ ጂግለር ረጅም መንገድ መሄድ ሞተሩን ከልክ በላይ ያሞቀዋል።

ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው። የወረቀት ማጣሪያ የለውም፣ ከስር ወንፊት አለው። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎሜትሩ ይለወጥ፤ ወንፊቱም ወጥቶ በቤንዚን ይታጠብ። ክዳኗን የያዙት ስድስቱ ዳዶዎች ትንንሽ ናቸው። በአጭር ቁልፍ፣ በጣት ጉልበት አጥብቁ። ጉልበተኛ ሰው እነዚያን ብሎኖች ከማግኒዚየሙ ነቅሎ ያወጣቸዋል፣ ከዚያ ሥራው ሌላ ነው።

አራተኛ፦ ላሜራ

ብየዳ ካልቻላችሁ በያጅ ወደ ቤት ጥሩ፤ አያሳፍርም። የእናንተ ድርሻ ግን ዝግጅቱ ነው። ሰልባትዮውን አውጡ። ባትሪውን አውጡ። ምንጣፉንና መቀመጫውን አውጡ። ባልዲ ውሃና አሸዋ አቅርቡ።

የወለሉንና የጎኑን ቦይ ሁለቱንም በኩል በአንድ ቀን አታስቆርጡ። አንዱ ጎን ሲቆረጥ ሌላው አካሉን ይይዛል። ከመቁረጡ በፊት በበሩ ክፍት ቦታ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ዘንግ አስበይዱ። የበሩን ክፍተት በአራቱም ጠርዝ ለኩና ግድግዳ ላይ ጻፉት። ከብየዳው በኋላ ያው ቁጥር መምጣት አለበት። «በሩን በኋላ እናስተካክለዋለን» የሚል በያጅ ካጋጠማችሁ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

አካሉ ከሻንሲው ጋር የተያዘው በብሎን ነው፤ በመሃል ጎማ አለ። አንዳንዱ ለመገላገል ሁለቱን በብየዳ ያጣብቃቸዋል። አትፍቀዱ። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሰው እናንተን ይረግማል።

ዝገትን በስቱኮ መሸፈን ገንዘብ ማቃጠል ነው። ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፍቁት፣ በዚያው ቀን አንቲረስት ቀቡት። የሐምሌ እርጥበት አንድ ሌሊት አይታገሥም። ስቱኮ የምትሞላው የጣት ጥፍር የምታህል ጎድጓዳ ብቻ ናት።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። ለቀቢ ስጡት። እዚህ ከደረሳችሁ መኪናው ይሄዳል፣ ይቆማል፣ አይነድም። ቀለም ስትመርጡ የፊት ኮፈኑን ውስጥ ፋቅ አድርጋችሁ የመጀመሪያውን ብታዩ ደስ ይላል። የእኔ ከሦስት ቀለም ስር ሰማያዊ ወጣ።

ከዚያ በኋላ

የጎማ ንፋስ እንደ ሌላ መኪና አትሙሉ። ቮልስ ክብደቱ ኋላ ነው። ከፊት 18፣ ከኋላ 26 ፒ.ኤስ.አይ አካባቢ ይበቃዋል። ጎማ ነፊው «አነሰ» ይላችኋል፤ በፈገግታ እምቢ በሉት። አራቱንም እኩል ከሞላችሁት መሪው እርጥብ አስፋልት ላይ ያስፈራል።

የፊት እግሩ ላይ ግራሶ መስጫዎች አሉ። በየ5,000 ኪሎሜትሩ አሮጌው ግራሶ እስኪወጣ ስጡት። ክረምት ላይ ከጎኑ ቦይና ከበሮቹ ስር ያሉትን ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈቱ፤ ጭቃ ይደፍናቸዋል።

የማራገቢያውን ቺንጋ (ቀበቶ) በአውራ ጣት ተጫኑት፤ 15 ሚሊሜትር ያህል ይግባ። ከላላ የዲናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ፍቱ፤ ፑሌጃው ለሁለት ይከፈላል። በመሃል ካሉት ቀጫጭን ሮንዴላዎች አንዱን አውጥታችሁ ከውጭ በኩል አድርጉና መልሳችሁ እሰሩ። ቺንጋው ይጠብቃል። ሮንዴላውን አትጣሉት፣ ለሚቀጥለው ቺንጋ ያስፈልጋል።

ትርፍ ቺንጋና 21 ቁልፍ ከፊት ኮፈን ስር ሁልጊዜ ይኑሩ። እየነዳችሁ ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ «ባትሪ ነው፣ ቤት ደርሼ አየዋለሁ» አትበሉ። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። ዳር ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ እጃችሁን ሳታስገቡ እዩ። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቁና ትርፉን ግጠሙ።